ቆርቆሮው ላይ ሲዘንብ መጽሐፍ ይሻላል ወይስ ፊልም?

ባለፈው ሐምሌ ቤት ውስጥ ተሰብስበን ፊልም እያየን ነበር። የአማርኛ ፊልም ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያንጠለጥለን ቆይቶ የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ደረስን። ሰውዬው አልጋ ላይ ተኝቷል። ሴትዮዋ ጎንበስ አለች። ከንፈሩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ። ልክ አፉን ሲከፍት የጅማ ሰማይ ተቀደደ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር መስማት ቀረ። ድምፅ ጨመርን። ቴሌቪዥኑ መቶ ላይ ደረሰ። ምንም የለም። ሴትዮዋ አለቀሰች፣ ሙዚቃ የመጣ መሰለን፣ የተዋንያን ስም መውጣት ጀመረ፣ አለቀ።

ሰውዬው ምን እንዳላት ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። እህቴ «ይቅር በይኝ ነው ያላት» አለች። የአጎቴ ልጅ «ልጁ የኔ አይደለም ብሏታል፤ ከንፈሩን አይቻለሁ» ብሎ ማለ። እናቴ ደግሞ «የቤቱ ካርታ የት እንዳለ ነዋ የነገራት! የሚሞት ሰው ሌላ ምን ይላል?» ብላ ዘጋችው።

ያን ሳምንት አንድ ነገር ገባኝ። መጽሐፍ ወይ ፊልም ስንመርጥ ሁልጊዜ «ጥሩ ነው ወይ?» ብለን ነው የምንጠይቀው። መጠየቅ የነበረብን ግን «በምን ይቋረጣል?» ብለን ነው። ጅማ ውስጥ ተጀምሮ ሳይቋረጥ የሚያልቅ ነገር አላየሁም። ዝናብ አለ። መብራት አለ፣ ማለትም የለም። ቡና አለ። ጎረቤት አለ። ስለዚህ ይሄ መመሪያ የተሠራው በአቋራጭ ነው። አቋራጭ ስል አጭሩን መንገድ ማለቴ አይደለም፤ ከመሃል ገብቶ የሚያቋርጠንን ማለቴ ነው።

ዝናብ

ጅማን የማያውቅ ሰው ክረምት ሲባል ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ይመስለዋል። እኛ ጋ ዝናቡ መጋቢት አካባቢ ብቅ ብቅ ማለት ይጀምርና እስከ ጥቅምት አይለቅም። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ቡናችንም፣ አረንጓዴያችንም፣ የመንደራችን ጭቃም የሱ ነው። ችግሩ ይህ ሁሉ ውኃ መሬት ከመድረሱ በፊት መጀመሪያ የሚያርፈው ቆርቆሮ ላይ መሆኑ ነው። ደህና ኮርኒስ ያለው ቤት ትንሽ ይሻላል። የኛ ቤት ኮርኒስ በማዳበሪያ የተሰፋ ነው። ድምፅ አይከለክልም። አቧራ ይይዛል፣ አልፎ አልፎም አይጥ ትሮጥበታለች።

እዚህ ላይ መጽሐፍ ያለ ክርክር ያሸንፋል። መጽሐፍ ድምፅ የለውም፣ ዝናቡም ቢሆን ገጽ አይገልጥም። እንዲያውም ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ቆርቆሮውን እየሰሙ ማንበብን የሚያህል ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ ያለው ዝናብ ደግሞ ሰዓቱን ጠብቆ ስለሚመጣ ቀጠሮ ለማፍረስም ምክንያት ይሆናል። «ዘነበብኝ» ያለን ሰው ማን ይጠይቃል?

ግን «ዛሬ ፊልም ካላየሁ» ላለ ሰው ሁሉም ፊልም በዝናብ እኩል አይጎዳም። የድብድብ ፊልም ይተርፋል። ቡጢው ባይሰማም የወደቀው ሰው ይታያል። የሕንድ ፊልም ደግሞ ጭራሽ አይነካም። እኛ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ያደግን ልጆች ሕንድኛ አንድ ቃል ሳናውቅ ሁሉንም ተረድተን ነው የወጣነው። አማትየዋ ክፉ መሆኗን ካሜራው ፊቷ ላይ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ይነግርሃል። ወንድማማቾቹ ሊገናኙ ሲሉ አንገታቸው ላይ ያለውን ሐብል ታያለህ። ምን ቋንቋ ያስፈልጋል?

መጀመሪያ የሚሞተው የአማርኛ ኮሜዲ ነው። የኛ ሳቅ ቃል ውስጥ ነው ያለው። የሌላ አገር ኮሜዲያን በሙዝ ልጣጭ ተንሸራትቶ ሊያስቅህ ይችላል። የኛው ግን አንድ ፊደል አላልቶ ወይ አጥብቆ ነው የሚገድልህ። «አለ» እና «አለ» ጽሑፍ ላይ አንድ ናቸው፤ ቀልዱ ያለው ጥብቀቷ ላይ ነው። ቆርቆሮው ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው እሷን ነው። ሰሙ እንኳ ካልተሰማ ወርቁ ከየት ይምጣ?

አንዳንድ የአማርኛ ፊልሞች ከታች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አላቸው። በዝናብ ጊዜ መድኃኒቱ ይሄ ነው ብዬ ነበር፤ በገዛ ቋንቋዬ የተሠራ ፊልም በእንግሊዝኛ እያነበብኩ አመሸሁ። እናትየዋ ለልጇ እያጎረሰች «አፈር ስሆን፣ ሞቼ ልነሳ፣ ይቺን ብቻ!» ስትል በአፏ እንቅስቃሴ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ከታች የተጻፈው «ፕሊስ ኢት» ነው። አፈሩም፣ ሞቱም፣ ትንሣኤውም በሁለት ቃል አለቀ።

ስለዚህ ሰማዩ ከጠቆረ ኮሜዲውን ለኅዳር አስቀምጡት። ኅዳርና ታኅሣሥ ቆርቆሮው ዝም ይላል። የቡና ለቀማ ወቅትም ስለሆነ ሰው ኪሱም ፊቱም ፈታ ያለ ነው፤ ለመሳቅ ደህና ጊዜ ነው።

መብራት

መብራት ሲሄድ በመንደሩ ያለው ሕፃን ሁሉ አንድ ላይ «ኡኡኡ!» ይላል። ሲመጣ «ኦኦኦ!» ይላል። በመሃል ያለውን ጊዜ ምን እናድርገው ነው ጥያቄው።

እዚህ የሚወዳደሩት ሦስት ናቸው፦ የወረቀት መጽሐፍ፣ ስልክ ላይ ያለ ፒዲኤፍ እና ትረካ። ፊልምን ከውድድሩ አወጣሁት። ባትሪዋ ባረጀ ላፕቶፕ ፊልም መጀመር በተበሳ ጀሪካን ውኃ ለመቅዳት ወረፋ እንደ መያዝ ነው። የኔዋ ላፕቶፕ 40 ደቂቃ ትቆያለች። 40 ደቂቃ ማለት ባለታሪኩ ልጅቷን አይቶ፣ ወድዶ፣ አባቷ ሊገድለው ሽጉጥ አውጥቶ፣ ጨለማ።

ወረቀት በሻማ ጥሩ ነው፤ ግን ሙያ ይጠይቃል። ሻማውን በቀኝ ብታደርገው የእጅህ ጥላ ገጹን ይሸፍናል። በግራ ስታደርገው ሰም ይንጠባጠብበታል። ፊት ለፊት ስታደርገው ደግሞ ቅንድብህን ትጠብሳለህ። እኔ ጠብሼ አውቃለሁ። አሁን አብዛኛው ሰው በስልክ ባትሪ ነው የሚያነበው። ስልኩን አገጩ ሥር ሸጉጦ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው በመስኮት ያየው መንገደኛ ምን እንደሚያስብ እንጃ።

ፒዲኤፉ የራሱ ብርሃን አለው፤ ጥቅሙ እሱ ነው። ከዚያ ውጪ ግን ቅሬታዬ ብዙ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው የአማርኛ መጽሐፍ በአብዛኛው አንድ ሰው ገጽ በገጽ በስልኩ ያነሳው ፎቶ ነው። ስለዚህ ከደራሲው ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ አውራ ጣት አለ። ገጽ 30 ላይ አውራ ጣቱ ጥግ ይዞ ነው። ገጽ 87 ላይ የደከመው ይመስለኛል፤ ግማሽ አንቀጽ ሸፍኗል። አንድ ልብ ወለድ ላይ አውራ ጣቱ ጥፍሩን ሲቆረጥ ሁሉ አይቻለሁ፤ በ140 እና በ141 መካከል ነው የተቆረጠው። ከዋናው ባለታሪክ የበለጠ የተለወጠ ሰው እሱ ነበር። ሌላው ነገር ደራሲው ከዚያ አምስት ሳንቲም አያገኝም። ይሄን እያወቅሁም አውርጄ አንብቤያለሁ። አልኮራበትም። አሁን የወደድኩትን ፈልጌ በወረቀት እገዛለሁ፤ ጣት የሌለበትን።

በጨለማ አንደኛው ግን ትረካ ነው። ይሄን ከእናቴ ነው የተማርኩት። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉን በእጁ ሳይነካ ከዳር እስከ ዳር የሚያውቀው ሰው ግን ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ውጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታል። እናቴ ከነዚያ አንዷ ናት። «አንብቤዋለሁ» ነው የምትለው፤ «ሰምቼዋለሁ» አትልም። እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ መጽሐፉን ገዝቼ የጉዱ ካሣን ንግግር ጮክ ብዬ ሳነብላት አቋረጠችኝ። «ተው ተው፣ እሱ እንደዚህ አይልም» አለችኝ። «እማዬ፣ ይኸው ተጽፏል» አልኳት። «ቃሉማ ትክክል ነው። ድምፁ እንደዚህ አይልም» አለች። መልስ አጣሁ።

ትረካ መብራት አይፈልግም። ዓይን አይፈልግም። ሽሮ እያማሰሉ፣ ልብስ እያጣጠፉ፣ ተኝተውም ይሰማል። አንድ ጉድለት አለው፤ እንቅልፍ ሲወስድህ አይጠብቅህም። መጽሐፍ ፊትህ ላይ ወድቆ ያለበት ገጽ ላይ ይቆያል። ትረካው ግን ያለ አንተ ይቀጥላል። ጠዋት ስትነሳ ሦስት ሰው ሞቷል፣ ማን እንደገደላቸው አታውቅም።

ቡና

እዚህ ላይ ልዘገይ ነው፤ ያለንበት ከተማ ጅማ ነው።

ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል እኛ ቤት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አንድ ሰዓት ተኩል ደግሞ ልክ የአንድ ፊልም ዕድሜ ነው። «እንግዲያው ቡና እየጠጣን ፊልም እንይ» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ስሌት ነው የሚመጣው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ሐሳቡ ስህተት ነው።

መጀመሪያ ቡናው ይቆላል። የተቆላው ቡና ጢሱ እየጨሰ ለእያንዳንዱ ሰው ይዞርለታል። እጅህን ዘርግተህ ጢሱን ወደ አፍንጫህ ካልሳብክ ነውር ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ መኪና ሲገለበጥ አንተ ጢስ እየሳብክ «ግሩም ነው!» እያልክ ነው። ከዚያ ሙቀጫው ይመጣል። ዘነዘናው ሲወርድ የፖሊስ ምርመራው ምን ላይ እንደደረሰ አይሰማም። ከዚያ ዕጣን ይጨሳል። ያን ጊዜ ፊልሙ ውስጥ ያለው ሁሉ በጉም ውስጥ የሚሄድ ይመስላል። አቦል ሲቀዳ ዝም ብሎ መጠጣት አይቻልም፤ ወሬ ይጠየቃል። ቶና ላይ ወሬው ይሞቃል። በረካ ላይ ሰዉ ይመራረቃል፣ ፊልሙን ግን ያየው የለም።

ቡና ቀላ ካለ ደግሞ ጨርሶ እርሱት። ለማያውቁት ቡና ቀላ ማለት ቡናው በቅቤ ተጠብሶ የሚበላው ነው። እጅ ቅቤ ከነካ በኋላ ሪሞት አይያዝም፣ ስልክ አይነካም፣ መጽሐፍማ አይታሰብም። ቤታችን ውስጥ ገጽ 12 ላይ የአያቴ አውራ ጣት በቅቤ የታተመበት መጽሐፍ አለ። ወረቀቱ ከዚያ ወዲህ አሳልፎ ያሳያል፤ ገጽ 12ን ስታነብ ገጽ 11ም ከኋላው ይታይሃል።

ታዲያ ለቡና የሚሆነው ምንድን ነው? አጭር ነገር። አንድ ሲኒ የማይሞላ። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች ለዚህ የተፈጠሩ ይመስለኛል። አለቃ የ19ኛው መቶ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን ከቅኔያቸው ይልቅ ቀልዳቸውን ነው የያዘው። አህያ የምትነዳ አንዲት ሴት መንገድ ላይ አግኝተው «እንደምን አደራችሁ?» አሏት ይባላል። በቃ። ቀልዱ ይኸው ነው። «አደራችሁ» ውስጥ አህያዋም አለች። የገባው ይስቃል። ያልገባው ቶና ላይ ይገባዋል፣ ለብቻው ይስቃል፣ እሱ ደግሞ ሌላውን ያስቀዋል። አንድ ቃል ሁለት ሲኒ አገለገለ ማለት ነው።

አጭር ልብ ወለድም ይሆናል። ግን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብ ነው። የኛ ቤት አንባቢ እህቴ ናት። ችግሯ ሳቅ ያለበት ቦታ ከመድረሷ በፊት ቀድማ መሳቋ ነው። ዓይኗ ከአፏ ሁለት መስመር ይቀድማል። እኛ ምን እንደሆነ ሳናውቅ እሷ እንባዋን ትጠርጋለች። ከዚያ እኛም በሷ እንስቃለን፤ ቀልዱ ሲነበብ ግን ማንም አይስቅም፤ ሳቁ አልቋል።

ጎረቤት

ፊልም ለብቻ ይታያል ወይስ ከሰው ጋር? ብዙ ሰው አሳዛኝ ፊልም ለብቻ፣ አስቂኝ ከሰው ጋር ይላል። በሁለተኛው እስማማለሁ። ኮሜዲ ለብቻ ማየት ለብቻ እስክስታ መምታት ነው። በመጀመሪያው ግን አልስማማም። አሳዛኝ ፊልም ከእናቶች ጋር ነው መታየት ያለበት። የሰፈራችን እናቶች ለፊልም ሲያለቅሱ ለፊልሙ ብቻ አያለቅሱም። አንዷ የወንድሟን ታስታውሳለች፣ ሌላዋ ዓረብ አገር ያለች ልጇን። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ፊታቸውን ታጥበው «አይ፣ ደስ የሚል ነበር!» ይላሉ።

ከሰው ጋር ለማየት ከወሰናችሁ ግን ፊልሙን ከመምረጣችሁ በፊት ሰዉን ምረጡ።

ጠያቂ አለ። አያቴ ጠያቂ ናት። አዲስ ሰው ስክሪኑ ላይ በገባ ቁጥር በኦሮምኛ «ኩን ኤኙ?» ትላለች፤ ይሄ ማነው? ማለቷ ነው። መንገድ የሚያልፍ ሰውም ቢሆን ማንነቱ ይነገራት። «መንገደኛ ነው» ስንላት አይበቃትም፤ «የማን ልጅ ነው?» ትላለች። የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የሕዝብ ቆጠራ ናቸው። ደግነቱ አንዴ ከተዋወቀች በኋላ አትረሳም። ከኛ ሁሉ ቀድማ ሌባውን የምታውቀው እሷ ናት፤ «ቅድም ሲገባ ሰላምታ አልሰጠም» ብላ ነው የያዘችው።

ነገረኛው ግን ቀድሞ ያየው ሰው ነው። «እኔ አይቼዋለሁ፤ ግን አልናገርም» ብሎ ይቀመጣል። አይናገርም፣ ቃሉን ይጠብቃል። ግን ልክ ሊደርስ ሲል ወንበሩ ላይ ይመቻቻል። ከፊልሙ ወደ እኛ ፊት ይዞራል። «አሁን እዩ… አሁን… ቆይ…» ይላል። ምኑን ፊልም አየነው? የሱን ፊት ነው ያየነው። ይሄን ሰው ቤታችሁ ካገኛችሁት ተከታታይ ድራማ ክፈቱበት፤ እዚያ ማንም ማንንም መቅደም አይችልም።

ተከታታይ ድራማ መቋረጥን በመቻል የሚያህለው የለም። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምርና የውጭ አገር ድራማ በአማርኛ ሲገባ የኛ መንደር የእራት ሰዓት ተዛወረ። ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቆጪ በየቤቱ የቱርክ አማቶች አጥርተው አማርኛ ይናገሩ ነበር። አያቴ አንዷን ተዋናይ በኋላ በዜና ላይ በቱርክኛ ስትናገር ሰምታ «ምነው ልጄን፣ ምን ነካት?» አለች። ድራማው አንድ ሳምንት ቢያመልጥህም ግድ የለም። ለቅሶ ደርሰህ፣ ገጠር ከርመህ ስትመለስ ሰውዬው ያኔ የከፈተውን በር ገና እየገባበት ነው። ጥበብ ነው ብዬ አልከራከርም። እንደ ጅማ ላለ ተቋራጭ ኑሮ ግን በልኩ የተሰፋ ነው።

መንገድ

ጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሶኮሩን አልፈህ ጊቤ በረሃ ትወርዳለህ፤ ትወጣለህ፤ ወልቂጤ፣ ወሊሶ እያልክ ትገባለህ። ቀን የሚበላ መንገድ ስለሆነ ሁሉም ሰው «መጽሐፍ እይዛለሁ» ይላል። ሁላችንም እንይዛለን። የመጽሐፍ ጫና ግን ብዙ ጊዜ ጉልበት ላይ እንጂ ጭንቅላት ላይ አይደርስም።

እስከ ሶኮሩ ማንበብ ይቻላል። ከዚያ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፊደሉ ራሱ መዞር ይጀምራል። አንድ ጊዜ ግትር ሆኜ አነበብኩ። የተፈጠረውን አልናገርም፤ ጎኔ የነበሩት እናት ሎሚ አውጥተው «ሽተት ልጄ፣ ደብተሩን አስቀምጠው» አሉኝ። ልብ ወለዱን የፈተና ደብተር ነው የመሰላቸው። የሆዴን ሁኔታ አይተው ይሆናል፤ ለልብ ወለድ እንደዚህ የሚሰቃይ የለም።

አውቶቡሱ ላይ የሚከፈተው ፊልም ደግሞ የሾፌሩ ምርጫ ነው። ሾፌር መንገዱን እያየ ስለሆነ ፊልሙን አያየውም፤ ስለዚህ አይሰለቸውም። በአንድ መስመር ላይ ያንኑ ኮሜዲ አራት ጊዜ ያየሁበት ዓመት አለ። አራቱንም ጊዜ ወልቂጤ ለምሳ ቆመን ተቋረጠ፤ ከምሳ በኋላ የሙዚቃ ክሊፕ ተከፈተ። ሙሽራው ይምጣ ይቅር እስከ ዛሬ አላውቅም። ለመንገድ ጆሮ ላይ የሚሰካ ትረካ ያዙ። ሌላ ምክር የለኝም።

ገዝቶ፣ ተውሶ ወይስ ተከራይቶ?

ይሄ ከፊልሙ ክርክር ውጪ ነው፤ ግን መጽሐፍ ካሸነፈ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ስለሆነ ላንሳው። መጽሐፍ በቀን ሒሳብ የሚከራይበት ዘመን ነበር። የተከራየ መጽሐፍ ጥቅሙ ሒሳቡ ስለሚቆጥር ቶሎ ማንበብህ ነው። ጉዳቱ ካንተ በፊት ያነበቡት ሁሉ አብረውህ መኖራቸው። ኅዳጉ ላይ ይጽፋሉ። «ውሸት!» ይላል አንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ። «ምቀኛ» ይለዋል ሌላው በቀይ። አንድ መጽሐፍ ላይ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ በእርሳስ «አትልፉ፣ ገጽ 210 ላይ ትሞታለች» ተብሎ ተጽፏል። ተናድጄ ገጽ 210ን ከፈትኩ። እዚያ ደግሞ በሌላ እጅ ጽሑፍ «አልሞተችም፣ ቀጥል» ይላል። ከመጽሐፉ ይልቅ እነዚህን ሁለት ሰዎች ማወቅ በጣም ፈልጌ ነበር።

መዋስ የሚሻለው ወፍራም ላልሆነ መጽሐፍ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የተዋሰ ሰው ወይ ወዳጅነቱን ወይ መጽሐፉን ያጠፋል። ገዝተህ አስቀምጠው። ክረምቱን ሙሉ ይቋረጣል፣ ይቀጥላል፣ አይከፋውም። ርዕሱ ራሱ መጨረሻውን ነግሮሃል፤ የሚያጣድፍህ ነገር የለም። ከየትም ብትከፍተው አንድ የፊታውራሪ መሸሻ ነገር አታጣም።

«ኦሮማይ» ግን ሌላ ባሕርይ ነው። የ1975 ዓ.ም. መጽሐፍ ነው። ደራሲው በዓሉ ግርማ የተወለደው ከኛ በስተ ምዕራብ፣ ኢሉባቦር ነው፤ ስለዚህ ትንሽ የኛ ሰው ነው ብለን እንኮራለን። እሱን ስትጀምር ስልክ ዝጋ፣ ቡና አትጣድ። እኔ ጥጄ ነበር። እህቴ ጢስ ሸቷት ስትገባ እኔ አሥመራ ነበርኩ። ጀበናዋ ከዚያ ወዲህ አንገቷ ጥቁር ነው። ይሄ መጽሐፍ መቋረጥ አይወድም። ዝናብ የዘነበበት፣ መብራት ያለበት፣ ጎረቤት የሌለበት፣ ቡና የማይፈላበት ቀን ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ቀን ጅማ ውስጥ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ሲገኝ በፌስቡክ አታቃጥሉት።

ያን የሐምሌውን ፊልም ረስቼው አልነበረም። ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ እንደ መስታወት በጠራበት አንድ ማታ፣ እንደገና ከፈትነው። ጎረቤት አልጠራንም። ቡናው አስቀድሞ ተጠጥቷል። መብራቱም ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም፣ ዝም ብሎ በርቷል። የአጎቴ ልጅ ተከራክሮ ስለነበር ከመናኸሪያ አካባቢ በባጃጅ መጣ። እናቴ መነጽሯን አድርጋለች። አያቴ ሁሉንም ሰው ከሐምሌ ጀምራ ስለምታውቃቸው አንድም ጥያቄ አልነበራትም።

መጨረሻው ደረሰ። ሰውዬው አልጋ ላይ ነው። ሴትዮዋ ጎንበስ አለች። ከንፈሩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ። ማንም አልተነፈሰም።

ፊልሙ ውስጥ ዝናብ ጀመረ። ከባድ ዝናብ፣ ቆርቆሮ ላይ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ አይሰማም። ሴትዮዋ አለቀሰች፣ ሙዚቃ ገባ፣ የተዋንያን ስም መውጣት ጀመረ። ለካስ እንዲሰማ አልተፈለገም ነበር።

ለትንሽ ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ እናቴ መነጽሯን እያወለቀች «አላልኳችሁም?» አለች። «የቤቱ ካርታ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ማን ጮክ ብሎ ይናገራል?»